መልስ፦ ጅብ የሚሆን ወጣት ያፈቀረች የሐረር ልጅ

«የቫምፓየር ፍቅር ልብ ወለድ ሴቶች ለምን ደካሞች ሆኑ? እኔስ ሐረር ላይ ጅብ የሚሆን ወጣት የምታፈቅር ልጅ ብጽፍ?» ላልሽው፦

እህቴ፣ ችግራቸው ፍርሃት ሳይሆን ሥራ ፈትነት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኒው ሙን» በተባለው የቫምፓየር ፍቅር ልብ ወለድ፣ ቫምፓየሩ ኤድዋርድ ጥሏት ሲሄድ የፍቅረኛው የቤላ አራት ወራት የወር ስም ብቻ በተጻፈባቸው ባዶ ገጾች ያልፋሉ። ሐዘኑን ያሳያል፣ አልክድም፤ ግን ልጅቱ የራሷ ጉዳይ ቢኖራት ገጹ ባዶ ባልቀረ ነበር።

ያንቺዋን ሥራ ስጫት። ሐረር ውስጥ ጅብ ብርቅ አይደለም፤ በጀጎል ግንብ ማለፊያ ቀዳዳ አለው፣ ማታ ማታም ከእንጨት ጫፍ ሥጋ ይጎርሳል። እንግዲያው የጅብ መጋቢው ልጅ ትሁን፤ አንድ ምሽት አንዱ ጅብ ሥጋውን ትቶ እጇን ብቻ አሽትቶ ይመለስ። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ግን ተዪው፤ በእሱ የተገለሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።