እውነቱና ፈጠራው ይደባለቅባታል ብለሽ አትፍሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጅሽ የታሪክ ትምህርት ሰልችቷታል። ታሪካዊ ልቦለድ ብሰጣት ደግሞ እውነቱና ፈጠራው ይደባለቅባታል ብለሽ ሰግተሻል። እኔ እዚሁ ጎንደር በየክረምቱ ከሰፈር ልጆች ጋር መጽሐፍ አነባለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ስጪያት። መደባለቁ አይቀርም፤ ትልቁ ትምህርት ያለውም እዚያው ላይ ነው። ልጅ «ይሄ የምር ሆኗል ወይስ ደራሲው ነው የጨመረው?» ማለት ከጀመረች ታሪክ መማር ጀምራለች። የክፍሉ መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ብዙም አያስነሳም።

የእኛ ልጆች እርሳስ ይዘው ነው የሚያነቡት። ደራሲው ሊያውቀው አይችልም ባሉት ቦታ ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት ያደርጋሉ። ለምሳሌ አፄ ቴዎድሮስ ሌሊት ብቻቸውን ያሰቡት ነገር ምልክት ያገኛል። ከሚስታቸው ጋር ያወሩትም እንዲሁ። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም መንገሣቸው፣ በ1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ማጥፋታቸው ግን የተመዘገበ ነው፤ ያልፉታል።

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን የአቤ ጉበኛን «አንድ ለእናቱ» እና የብርሃኑ ዘሪሁንን «የታንጉት ምስጢር» ሞክሪ። የተጻፉት ለአዋቂ ስለሆነ ብቻዋን አትተያት። ማታ ማታ ጮክ ብላ ታንብብልሽ።

የጎንደር ልጅ ስለ ቴዎድሮስ ሲያነብ አንድ ከባድ ነገር ይገጥመዋል። ከልጅነቱ የሰማው ጀግንነታቸውን ነው። እኚሁ ንጉሥ ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለዋል፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ተዘርፈዋል። አንዲት ልጅ ይህን ስትሰማ መጽሐፉን ዘጋችና «ታዲያ ለምንድን ነው የምንወዳቸው?» አለች። ቶሎ አልመለስኩላትም። አንዱ «አገሩን አንድ ሊያደርጉ ነው» አለ። እሷ «የራስን ከተማ አቃጥሎ?» አለችው። ክርክሩ እስኪመሽ አላባራም። ልጆች ስለ ታሪክ እንደዚያ ሲጨነቁ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጀግናውን ከዳር እስከ ዳር የሚያወድስ ልቦለድ አልመርጥም። ልጆች ከዚያ የበለጠ መሸከም ይችላሉ።

ካነበባችሁ በኋላ እግራችሁን አፍታቱ። ፋሲል ግቢን በየቀኑ በአጥሩ በኩል ታልፈዋለች፤ ገብታ ግን በእርጋታ አይታው ይሆን? ቍስቋምም ውሰጃት። እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ያሠሩት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ስለ እሳቸው የምታነበው ገጽ ከዚያ በኋላ ሌላ ይሆንባታል።

የእሷ ዕድሜ ልጆች በጣም የሚይዛቸው ግን የልዑል ዓለማየሁ ነገር ነው። አባቱ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ሰባት ዓመቱ ነበር። እንግሊዞች ይዘውት ሲሄዱ እናቱም መንገድ ላይ አረፉ። እሱም በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። መርከቡ ላይ ምን እንዳሰበ የሚነግረን የለም። ልጅሽን አንድ ገጽ ጻፊ በያት። በአንድ ቀለም የሚታወቀውን፣ በሌላ ቀለም እሷ የፈጠረችውን። ስትጨርስ ፈቃደኛ ከሆነች እዚህ ለጥፊልን፤ የእኛዎቹ ልጆች ማንበብ ይፈልጋሉ።