ካቴና በቤት ማስተካከል፦ የአዳማ ሞተረኞች ጥያቄና መልስ

ሰላም የአዳማ ሞተረኞች። በገባሁት ቃል መሠረት ዛሬ ስለ ካቴና የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የምናወራው አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም ስለሚሄዱ ሞተሮች ነው፤ ኤክስኤል፣ ዲቲ፣ ኤክስአርና መሰሎቻቸው። ስለ ሊብሬና ስለ ታርጋ አትጠይቁኝ።

ከሁሉ በፊት፦ ካቴና ስትነኩ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ኪሳችሁ ይግባ። ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው እየዞረ ካቴና በጨርቅ የሚጠርግ ሰው አለ። ጥርሱ (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጨርቁን ሲጎትት ጣትም አብሮ ይሄዳል። ጎማውን በእጅ አዙሩ። በሉ ቀጥሉ።

የፍራንኮው ልጅ፦ ጋሼ፣ ካቴናዬ ይንጫጫል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ብዬ ልመልስልህ? ላልቶ ነው? ደርቆ ነው? ሲነሳ ነው ወይስ ነዳጅ ስትለቅ? የሞተርህን ዓይነት እንኳ አልነገርከኝም። አስተካክለህ ጠይቅ።

ልማት ሠራተኛ፦ እኔ ወንጂ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ነው የምመላለሰው። ሞተሩ ኤክስኤል 125 ነው። መካኒኩ ካቴናውን እንደ ክራር ወጥሮ ሰጠኝ። አስፋልት ላይ ደስ ይላል። ጉድጓድ ሲመታ ግን ከኋላ የሆነ ነገር ቀጥ አድርጎ የሚይዘኝ ይመስለኛል። ልኩ ስንት ነው?

መልስ፦ እሰይ! ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። የያዘህ ራሱ ካቴናው ነው።

የፊቱ ጥርስ ያለው ካምቢዮው ላይ ነው። የኋላ ጎማውን የተሸከመው ስዊንጋርም ግን የሚታጠፈው ከዚያ ጥርስ ትንሽ ወደ ኋላ ባለ ብሎን ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ ጎማው ቢወጣ ቢወርድ ካቴናው ምንም አይሆንም ነበር። ስላልሆኑ፣ ጎማው ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር ከፊቱ ጥርስ እየራቀ ይሄዳል። በጣም የሚርቀው የፊቱ ጥርስ መሀል፣ የስዊንጋርሙ ብሎንና የኋላው ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ሦስቱም በአንድ መስመር ሲሰለፉ ነው። ካቴናው በጣም የሚወጠረውም ያኔ ነው።

የኛ ሞተሮች ሞላቸው ረጅም ስለሆነ ጎማው ብዙ ይወጣል፣ ብዙ ይወርዳል። ስለዚህ ቆሞ ሲታይ ከአስፋልት ሞተር በጣም የላላ መስሎ መታየት አለበት። የአስፋልቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ጨዋታ (የታችኛው መስመር መሀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ልክ) ይበቃዋል። የኛዎቹ በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ። ትክክለኛው ቁጥር ስዊንጋርሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ወይም መጽሐፉ ውስጥ አለ። ሞተሩ በጎን ማቆሚያ ቆሞ ይለካ ወይስ ጎማው ተንጠልጥሎ የሚለውንም እዚያው እዩ፤ እንደየሞተሩ ይለያያል።

ወረቀቱ ተልጦ ከሆነ ሁለት ወፈር ያሉ ጓደኞችህን ጥራ። ሞተሩ ላይ ይቀመጡና ሦስቱ ነጥቦች እስኪሰለፉ ሞላውን ይጫኑት። አንተ ጎንበስ ብለህ የታችኛውን የካቴና መስመር መሀሉ ላይ በጣትህ ግፋው። እዚያ ላይም ትንሽ፣ አንድ ሳንቲሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ጠብቋል፣ አላላው። ከዚያ ጓደኞችህ ይውረዱና ጨዋታውን በማስመሪያ ለክተህ ጻፈው። የሞተርህ ልክ ያ ነው።

የጠበቀ ካቴና የፊቱን ጥርስ የያዘውን ኩሽኔታ ይበላል፣ ከጎኑ ያለውን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ቀለበት) ያበላሻል፣ የኋላ ጎማውን ኩሽኔታም አይምርም። የወንጂ ጥቁር ጭቃ ጥርሱ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ደግሞ ይብሱን ይወጥረዋል። ከጠበቀ የላላ ይሻላል። ከልክ በላይ የላላውም ከጥርስ ወጥቶ ጎማ ሊያስር ስለሚችል ቸል አይባልም።

ቦክሰር 150፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሁለት ጣት ነው፣ አለቀ።

መልስ፦ የማን ጣት?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ስለካው አንድ ቦታ 40 ሚሊ ነው፣ ጎማውን ሳዞረው 25 ይሆናል። የለካሁት ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም እህቴ። ካቴና እኩል አያልቅም፤ አንዱ ቦታ ተስቦ ሌላው ይቀራል። ሁልጊዜ የምትለኪው በጣም በጠበቀበት ቦታ ነው። በላላበት ብታስተካክይው፣ የጠበቀው ቦታ ሲደርስ ከልክ በላይ ይወጠራል። ልዩነቱ እንዲህ ከሰፋ ግን ካቴናው ወደ ማለቁ ነው። ጎማውን በእጅ፣ ሞተር ጠፍቶ።

የገንደ ጋራው፦ እሺ ልኩን አወቅን። ራሱ ሥራው እንዴት ነው? ቤት ያለኝ ቁልፍና ማስመሪያ ብቻ ነው።

መልስ፦ ይበቃሃል። በፔርኖው ዳዶ ውስጥ የሚያልፍ መቆለፊያ ፒን ካለ አውጣው፤ ሲመለስ አዲስ ይግባ። ዳዶውን አላላው፣ ሙሉ በሙሉ አታውጣው። ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያዎች እኩል እኩል አዙር፣ በአንዴ ከሩብ ዙር አይብለጥ። ብሎን ሳይሆን ቁጥር ያለው ክብ ብረት ከሆነ፣ ሁለቱም ጎን አንድ ቁጥር ላይ ይሁኑ። ስዊንጋርሙ ላይ ያሉትን ጭረቶች ብቻ አትመን። ከስዊንጋርሙ ብሎን መሀል እስከ ፔርኖው መሀል በሁለቱም ጎን ለካ። ከኋላ ሆነህም በአንድ ዓይንህ ካቴናውን እይ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት መሄድ አለበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። የተጠቀለለ ጨርቅ በካቴናውና በኋላው ጥርስ መሀል አስገብተህ ጎማውን በእጅ ትንሽ አዙር። ካቴናው ይወጠርና ፔርኖውን ወደ ፊት ስቦ ማስተካከያው ላይ ያስቀምጠዋል። እንደዚያ እንዳለ ዳዶውን አጥብቅ። ጨርቁን አውጣና እንደገና ለካ፤ ዳዶ ሲጠብቅ ልኩ ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

ሶደሬ መንገድ፦ ልኩ ስንት ሚሊ ነው ጋሼ?

መልስ፦ ከላይ አለ። አንብብ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ካቴናውን ካስተካከልኩ በኋላ የኋላው ፍሬን ይሞቃል። ከዚህ ጋር ይገናኛል እንዴ?

መልስ፦ ይገናኛል አባቴ። ጎማውን ወደ ኋላ ሲስቡት የፍሬኑ ከበሮም አብሮ ሄዷል። ፍሬኑን የሚስበው ዘንግ ግን አልረዘመም። ስለዚህ ሳይረግጡትም በትንሹ ይዟል ማለት ነው። በዘንጉ ጫፍ ያለችውን ዳዶ ትንሽ ያላሉት። ፔዳሉ ከመያዙ በፊት ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር በነጻ መውረድ አለበት። የኋላው የፍሬን መብራትም ሲረግጡ ብቻ መብራቱን ይዩ።

ቦክሰር 150፦ ቦክሰር ግዙና ተገላገሉ። ካቴናው ሽፋን ውስጥ ነው፣ አቧራ አያየውም።

ሶደሬ መንገድ፦ ባለቤቱም አያየውም! የጎረቤቴን ሽፋን ፈተን ስናየው ካቴናው ዝጎ እንደ ዱላ ደርቋል።

ልማት ሠራተኛ፦ የመሥሪያ ቤታችን ኤጂ 200 ሞተርም ሽፋን አለው። በክረምት ወንጂ ላይ ቦክሰርህን ይዘህ ና፣ እንተያያለን።

ቦክሰር 150፦ ቀን ቁረጥ!

መልስ፦ ሽፋን ያለውም ይላላል። የቦክሰሩ ሽፋን ላይ ትንሽ የጎማ ክዳን አለች፤ እሷን ነቅለህ እይ። ቀጠሮውን ለብቻችሁ።

የገንደ ጋራው፦ ቅባቱስ? አባቴ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር የሚያፈሱበት። ጓደኛዬ ግራሶ ይላል።

ሶደሬ መንገድ፦ የተቃጠለ ዘይት በነጻ ነው፣ እኔም እሱን ነው።

መልስ፦ ይሄን ስንቴ ልናገር! የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ የብረት ብናኝና አሲድ አለ። ግራሶ ደግሞ ከላይ ይለጠፋል እንጂ ወደ ፒኖቹ አይገባም። በአዳማ ነፋስ ላይ አቧራ ይሰበስብና ካቴናውን የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል። በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። በየፒኑ የጎማ ቀለበት ያለው ካቴና ከሆነ ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ አይንካው። ከደረቀ በኋላ የካምቢዮ 90 ዘይት በታችኛው መስመር፣ በውስጠኛው በኩል አንጠባጥቡ፤ ጎማው ሲዞር ወደ ውጭ ይዘልቃል። ከጉዞ መልስ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ቢሆን ይመረጣል። የተረፈውን ጥረጉ። ሞተሩ ጠፍቶ! ጎማውን በእጅ!

ነርሷ፦ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ካቴናውን ወጠር አድርጊና ከአንድ ፒን መሀል ጀምረሽ 20 ክፍል ለኪ፤ ከፒን እስከ ቀጣዩ ፒን አንድ ክፍል ነው። 520 የሚባለው የካቴና ዓይነት አዲስ ሲሆን 317.5 ሚሊሜትር ነው፣ 428ቱ 254። በመቶ ሁለት ያህል ከረዘመ ጨርሷል፤ መጽሐፉ ከዚያ ያነሰ ካለ መጽሐፉን ስሚ። ማስመሪያ ከሌለሽ ካቴናውን ከኋላው ጥርስ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ሳቢው። ግማሽ ጥርስ ከታየሽ ቀይሪው። ስትቀይሪም የፊቱንና የኋላውን ጥርስ አብረሽ፤ ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይጨርሰዋል። ክፍል ቆርጦ ማሳጠርን የሚመክርሽን አትስሚ።

ቦክሰር 150፦ ዋጋው ስንት ገባ አሁን?

መልስ፦ መለዋወጫ ቤት ጠይቅ።

የገንደ ጋራው፦ የመጨረሻ። የካቴናው መገጣጠሚያ ክሊፕ በየት በኩል ነው የሚዞረው?

መልስ፦ ድፍኑ ጎን ካቴናው ወደሚሄድበት፣ ክፍቱ ወደ ኋላ። በላይኛው መስመር ላይ ካየኸው ድፍኑ ወደ ሞተሩ ፊት ይዞራል። ተገልብጦ ከገባ ድንጋይ ወይም እንጨት ነክቶ ያወልቀዋል። አሁን እንቅልፌ መጣ፤ ልኩ ስንት ነው የሚል ካለ ለልማት ሠራተኛው የመለስኩትን ያንብብ።