ባለቤቴ ጡረታውን በአርቪ ውስጥ ማሳለፍ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ሐዋሳ ቤት ሠርቻለሁ

ጥያቄ፦ «የ61 ዓመት ሴት ነኝ። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ያደገው ደሴ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ኖረናል። እሱ አብዛኛውን ዕድሜውን የጨረሰው ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ከባድ መኪና እየነዳ ስለሆነ፣ ልጆቻችንን ያሳደግኋቸው ባሌን በስልክ እያገኘሁ ነው። ጡረታ ስንወጣ ሐዋሳ እንገባለን ብለን ቤት ሠራን፤ እኔም ማጠናቀቂያውን ልከታተል ቀድሜ መጣሁ። በግንቦት በ66 ዓመቱ ጡረታ የወጣው ባለቤቴ ግን አሁን የኮሎራዶውን ቤት ሸጠን አርቪ የሚባለውን መኖሪያ መኪና እንግዛና ዓመቱን ሙሉ እየተዘዋወርን እንኑር፣ ሐዋሳን እየመጣን እናያታለን ይለኛል። እህቶቼ ደግሞ አገሩ መግባት የማይፈልግ ወንድ የሚደብቀው ነገር አለ ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ የእህቶችዎን ጥርጣሬ አስቀድሜ ላንሣው። በጻፉልኝ ውስጥ ለዚህ የሚያበቃ ነገር አላገኘሁም፤ የሚደብቀው ጉዳይ ያለው ባል፣ በአሥር ሜትር ተሽከርካሪ ውስጥ ሚስቱ ሌት ተቀን ከጎኑ እንድትሆን አይለምንም። እህቶችዎ ይህን ያሉት ለእርስዎ በማሰብ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሐሳቡ በልብዎ ካደረ ባለቤትዎ በስልክ የሚናገሩትን ሁሉ እንደ ምስክርነት ቃል እየመረመሩ መስማት ስለሚጀምሩ፣ ዋናው ጉዳይ ሳይነካ ይቀራል።

አርቪ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ የተገጠመለት ተሽከርካሪ ነው። በአሜሪካ ቤታቸውን ሸጠው ሙሉ በሙሉ በውስጡ የሚኖሩ ጡረተኞች አሉ፤ ሞቃቱን ወራት በሰሜኑና በተራሮቹ አካባቢ ያሳልፉና ብርዱ ሲመጣ ወደ አሪዞና፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ይወርዳሉ። የባለቤትዎ ሐሳብ ለሐዋሳ ጎረቤቶችዎ እንግዳ ቢሆንም እሳቸው በኖሩበት አገር የታወቀ ኑሮ ነውና፣ በእርጅና የመጣ ቅብጠት አድርገው አይዩባቸው።

በዚያ አገር ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ እሱንም ሥራ በጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ እንዲጨርስ በሕግ ይገደዳል። ሰዓቱ ከተቆጠረበት በኋላ ጭነቱን ለማድረስ የሚጣደፍ ሰው ተራራውንም ሐይቁንም በመስታወት እያየ ያልፋል፤ ልቁም ቢልም ያን የሚያህል ተሽከርካሪ የትም አይገባለትም። ባለቤትዎ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠውት ሳለ ረግተው ያዩት ጥቂቱን መሆን አለበት። ስለዚህ ምኞታቸው በፈለጉበት ቦታ፣ በፈለጉት ሰዓት መቆም ይመስለኛል፤ ያውም በዚህ ጊዜ ከእርስዎ ጋር።

ለእርስዎ ግን መንገድ ማለት ባልዎን 30 ዓመት የወሰደብዎት ነገር ነው። አሁን ደግሞ ጭራሽ እርስዎንም ሊወስድ መጣ። ቁጣዎ ከአርቪው ዋጋም ሆነ ጥበት ጋር ብዙ የማይገናኘው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለታችሁም ለቤተሰባችሁ ስትሉ የተዋችሁት ኑሮ አለ፤ ሁለታችሁም ጡረታ ያንን ይመልስልኛል ብላችሁ ጠብቃችኋል፤ የተመኛችሁት መልክ ግን ለየቅል ሆነ። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን ከጥንዶች አለመግባባት 69 በመቶ ያህሉ ዘላቂ ልዩነት መሆኑን፣ ክርክሩ አልላወስ ሲልም ከሁለቱም አቋም ጀርባ በቅጡ ያልተነገረ ሕልም እንደሚገኝ ጽፏል። የእናንተ ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አሁን ደስ የማያሰኝዎትን ነገር ልናገር። እዚህ ባላወጣሁት የደብዳቤዎ ክፍል ስለ ሐዋሳው ቤት ሲገልጹልኝ የወለሉን ንጣፍ፣ የበሩን ቀለም፣ በግቢው የተከሉትን አቮካዶ ዘርዝረዋል፤ ዕድርዎን፣ የገብርኤል ማኅበርተኞችዎን፣ ቡና የሚያጣጧቸውን ጎረቤቶችዎን ጠቅሰዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ባለቤትዎ የሚገኙት ገንዘብ ላኪ ሆነው ብቻ ነው። ከታቦር ግርጌ እስከ አሞራ ገደል እርስዎን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ እሳቸው ግን የእርስዎ ባል ከመባል ሌላ በከተማው ስም የላቸውም። ሥራውን በቅርቡ ለተሰናበተ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ከእንግድነት መጀመር ያስፈራል፤ በተለይ ወንዶቻችን ይህን ፍርሃት በቃል ከመናገር ይልቅ ሌላ ዕቅድ ይዘው መምጣት ይቀናቸዋል። በዚህ ላይ፣ አሜሪካ 65 ዓመት ለሞላቸው የምትሰጠው ሜዲኬር የተባለው የጤና መድን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። እሳቸው ይህን ባያነሡትም እንኳ እርስዎ ቢያነሡት፣ የሐዋሳው ኑሮ የታሰበበት መሆኑን ያያሉ።

ይሁን እንጂ የኮሎራዶውን ቤት አሁን መሸጥን አልደግፍም። ጡረታን ያጠናው ሮበርት አችሊ፣ ሰው ከሥራ እንደወጣ ጫጉላ የመሰለ የነፃነት ጊዜ ሊመጣለት እንደሚችል፣ ከዚያ የመከፋት ወቅት ሊከተል እንደሚችል፣ ኑሮውን እንደገና የሚያደላድለውም ከዚህ በኋላ መሆኑን ገልጿል። ባለቤትዎ ገና ጥቂት ወራቸው ስለሆነ፣ አሁን የሚወሰን ማንኛውም ነገር የሚታጠፍ መሆን ይኖርበታል። አርቪ እንደ ሌላው መኪና ከተገዛ ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል፤ የተሸጠን ቤት መልሶ መግዛት ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

በአርቪ ውስጥ ያለውን የዕለት ኑሮም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የመጸዳጃው ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ጋን በየጥቂት ቀኑ በተፈቀደለት ቦታ በቱቦ ይፈስሳል፤ ውርጭ ሲወርድ የውኃ መስመሩ ካልተጠበቀ በረዶ ይሆናል፤ ቡና ቢቆሉና ዕጣን ቢያጨሱ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሊጮኽ ይችላል። ይህ ሁሉ ይለመዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ስትኳረፉ የምትሄዱበት ቦታ አለመኖሩ ነው፤ ለዓመታት እየተለያዩና እየተገናኙ የኖሩ ባልና ሚስት ሙሉ ቀን አብሮ መዋልን ገና አልተለማመዱትም፤ ይህ በሐዋሳው ሰፊ ቤትም ይገጥማችኋል። ሌላው መሪው ነው። እሳቸው መንገድ ላይ ቢታመሙ ተሽከርካሪውን የሚያነሣው ማን ነው? እርስዎ መንዳት ካልተማሩ፣ የት እንደሚታደርና መቼ እንደሚነሣ ሁልጊዜ የሚወስነው አንድ ሰው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የድሮውን ቅሬታዎን ያባብሰዋል።

ስለዚህ የምመክረው ሁለቱንም ኑሮ በተራ መሞከር ነው። በመስከረምና በጥቅምት አርቪ ተከራይታችሁ ኑሩ፤ ብርዱ የሚጀምርበት ወቅት ስለሆነ ምቹውን ብቻ አይታችሁ አትሸነገሉም። እርስዎም ልብዎን ሐዋሳ ሳይተዉ፣ ጉድለት ለመቁጠር ሳይሆን ለመኖር ይሂዱ። ከታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል እስከ ፋሲካ ደግሞ እሳቸው ሐዋሳ ይክረሙ፤ ዕድሩ ውስጥ እርስዎን ተከትለው ሳይሆን በራሳቸው ስም ይግቡ፣ ከግቢው አንዱን ክፍል እንደ ፈቃዳቸው ያዘጋጁ፣ መኪና ይዘው እስከ አርባ ምንጭና ኮንሶ እርስዎን ይዘው ይውጡ። ከዚህ በኋላ ዓመቱን ከፍላችሁ መኖርን ልትመርጡ ትችላላችሁ፤ ለእኔ የሚታየኝም ይኸው ነው። አንዳችሁ እያዘነ ሙሉ ዓመቱን የትም መኖርን ግን፣ በአርቪም ይሁን በሐዋሳ፣ አልመክርም።

ቀጥሎ ሲደውሉላቸው ስለ ሽያጩ ከመነጋገር በፊት የትኞቹን ቦታዎች ሊያሳዩዎት እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸውና እስኪጨርሱ ያዳምጧቸው፤ ከዚያ ያለ እሳቸው ያሳለፏቸውን ዓመታት፣ ሳይወቅሷቸው፣ የነበረውን እንደነበረ ይንገሯቸው። የኮሎራዶው ቤትም ከፋሲካ በፊት ለሽያጭ እንዳይወጣ ቃል ይጋቡ፤ እናንተ በሌላችሁበት ጊዜ ለአጭር ጊዜ ቢከራይ ለአርቪው ኪራይ ሊያግዛችሁ ይችላል።