አንገቱ ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ሲመጣላችሁ

ልጆቼ፣ በተለይ አልትራሳውንድ ክፍል ገና የገባችሁ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ ጫፍ) ይዤ ነው የሸበትኩት፣ እስካሁን ከልቤ ያልወጡ አንድ አባት አሉ። የቢቸና ገበሬ ናቸው፣ ከዓመታት በፊት የአንገት ካንሰር ይዟቸው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ጨረር ወስደው ድነዋል፣ ያኔ በአገሪቱ ጨረር ያለው እዛ ብቻ ነበር። እኔ ጋ የተላኩት እጢው ተመልሶ እንደሆነ እንድመለከትላቸው ነው። አየሁ፣ እጢ የለም፣ "አባቴ ምንም የለብዎትም" ስላቸው መርቀውኝ ሄዱ። በዓመቱ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ልጆቻቸው ደግፈው አመጧቸው፣ ስትሮክ። ካሮቲዱን፣ ደም ወደ አንጎል የሚወስደውን የአንገት ደም ስር፣ ያኔ ሳየው ጨረር በወሰዱበት በኩል ደርቋል ጠቧል። የመጀመሪያው ቀንም ፕሮቤ እላዩ ላይ ነበር እኮ፣ እጢ ብቻ ስፈልግ አላየሁትም።

ጨረሩ ደም ስሩንም ያገኘዋል፣ የውስጥ ሽፋኑ ይጎዳል፣ ግድግዳውን የሚመግቡት ቀጫጭን ስሮች ይዘጋሉ፣ በዓመታት ጠባሳ ይሞላዋል። ፀሐይ ላይ የከረመ የመስኖ ቱቦ አይታችሁ የለ፣ አዲሱ ሞተሩ ሲገፋ እየተለጠጠ ይቀበላል፣ ያ ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል።

ጤነኛ ካሮቲድ ስክሪኑ ላይ ይተነፍሳል፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ልብ በመታ ቁጥር ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ይነፋና ይመለሳል። ኤም ሞድ ላይ፣ የግድግዳውን እንቅስቃሴ በመስመር በሚያሳየው፣ አድርጉት፣ የጤነኛው ግድግዳ ሞገድ ይሰራል፣ የደረቀው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ግድግዳው ሳይወፍር መድረቁ ሊቀድም ስለሚችል ውፍረት ብቻ ለክታችሁ አትነሱ። ከመናኸሪያ በእግሩ የመጣን ሰው 10 ደቂቃ አስተኙት፣ ጄሉን አታሳሱ፣ ፕሮቡን ከተጫናችሁት ደም ስሩን እናንተው ታጣብቡታላችሁ፣ ካሮቲዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ሲሰፋም ሲጠብም ለኩ፣ ደም ግፊቱንም እዛው ለኩ፣ ያለሱ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። እድሜ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራም ያደርቃሉ፣ ጨረሩ በአንድ ጎን ብቻ ከነበረ ከሌላኛው ጋር አስተያዩት። ከደረቀ ሪፖርቱ ላይ ጻፉት፣ ሐኪሙ ግፊቱንና ኮሌስትሮሉን እንዲከታተል።

ደሞ ብዙ ሰው ድኛለሁ ብሎ ስለሚያስብ ጨረር መውሰዱን አይነግራችሁም። "እማማ ነጠላውን ገለጥ ያድርጉልኝ" በሉ፣ አንገቱ ላይ ቆዳው ጠቆር ጠንከር ካለ ጠይቁ፣ መቼ፣ በየት በኩል፣ ስንት ጊዜ ብላችሁ።