«ቢሰና» ይሁን ወይስ ይቅር?

ወንድሜ፣ የአንተን «ቢንያም» እና የባለቤትህን «ሰናይት» ከፊት ከፊት ቆርጣችሁ፣ ለሚወለደው ልጅ «ቢሰና» የሚል ስም ልታወጡ እንዳሰባችሁ ጽፈህ፣ «እንዲህ ያለ የፈጠራ ስም በቅርብ ያያችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በየመስከረሙ አዲስ የስም ዝርዝር ይዤ ጮክ ብዬ የምጠራው እኔ ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«ቢሰና»ን ሳነብ ጆሮዬ ወዲያው የቀጠለው «ቢሰናከል» ብሎ ነው። እኔ እንኳን እንዲህ ከሰማሁት፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመጀመሪያው ዕረፍት አያሳልፉትም፤ ልጃችሁ ኳስ የሳተ ቀን ስሙን ይጨርሱለታል። እናንተ ቃሉ ውስጥ የምትሰሙት ራሳችሁን ነው፤ ሌላው ሰው ወላጆቹን አያውቅም፣ የሚሰማው ቃሉን ብቻ ነው። የሳሙኤልና የሄለን ልጅ በዚሁ ዘዴ «ሳሄል» ቢባል ለጆሮ ያምራል፤ ግን ልጁ አንድ ቀን የጂኦግራፊ መጽሐፉን ገልጦ ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ የተዘረጋው ደረቅ ምድር በስሙ ሲጠራ ያገኘዋል።

የፈጠራ ስም የዘመኑ በሽታ ነው ከሚሉት ጋር ግን አልስማማም። አያቶቻችን በዚህ ሥራ ከእኛ ይበልጡ ነበር። ሺፈራው፣ ስለሺ፣ ይበልጣል፣ አንሙት፣ ስንታየሁ፣ ውብሸት፤ እነዚህን ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው አራስ ቤት ደጃፍ ላይ ሆኖ ገጣጥሟቸዋል። ልጅ የሞተበት ቤት ቀጥሎ ለመጣው «ምትኩ» ወይም «ማስረሻ» ይል ነበር። ከ1966 በኋላ ተወልደው «አብዮት» የተባሉትም ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፤ ስማቸውን የሰማ ዕድሜያቸውን ሳይጠይቅ ይገምታል። ዛሬም ቢሆን የሚያውቅበት አልጠፋም። «የአብሥራ» የቅርብ ጊዜ ስም ነው፤ የሰማው ሰው ሁሉ ግን ይገባዋል። «ኢዮሃ» ብለህ ስትጠራ ደግሞ ችቦውና አደይ አበባው አብረው ከተፍ ይላሉ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል ነበር፤ አሁን መልአኩን ስልክ አሳርፎታል። አንዱ ወላጅ ከስልኩ ያገኘውን ሌላውም ከዚያው ስለሚያገኘው የስም ዝርዝሬ ከላይ እስከ ታች አንድ ድምፅ ሆኗል፤ «ና»፣ «ያ»፣ «ሊ»፣ «ኤል»። ቀ፣ ጠ እና ጨ ከክፍሌ ሊሰደዱ ምንም አልቀራቸው። የፈረንጅ አፍ እንዳያስቸግር ታስቦ ነው ይሉኛል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ለሚያሳድግ ሰው ይህ እውነተኛ ጭንቀት ስለሆነ አልፈርድበትም። እዚህ ተቀምጦ፣ ፓስፖርት እንኳን ሳያወጣ ፊደል የሚቀንሰው ግን ይገርመኛል። ለብቻው እንዲሆን ተብሎ የወጣው ስም ደግሞ ብቻውን አይሆንም። «ሶልያና» ብዬ ስጠራ «የትኛዋ?» የሚል መልስ ይመጣልኛል። ጥሩወርቅ ግን በግቢው ሙሉ አንዲት ናት። መጀመሪያ አካባቢ ስሟ ሲጠራ አንገቷን ትደፋ ነበር፤ አሁን ከወንበሯ ብድግ ብላ «አቤት!» ስትል መስኮቱ ይነዝራል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋውና እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምመክርህ የሦስቱን ስም ነገር ነው። እኛ ዘንድ ስም ልጁ ላይ አይቆምም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖረን ቢደነግግም በተግባር የሄድነው በአባት ስም ነው። ልጅህ ወንድ ከሆነ ዛሬ ያወጣህለት ስም ነገ የልጆቹ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም ሆኖ በመታወቂያና በፓስፖርት ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ስሙን ለብቻው አትመዝነው፤ ከአንተና ከአባትህ ስም ጋር ደርድረህ፣ ባንክ ቤት መስኮት ላይ እንደሚጠራው ጮክ ብለህ አንብበው። ቀጥለህ የሩቅ የልጅ ልጅ ስም ከፊቱ አስገብተህ ድገመው። ዝናቡ የሚባል ልጅ አባቱ ከበደ ከሆነ ስም መሆኑ ቀርቶ የአየር ትንበያ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቀልድ ሳይታሰብ ይመጣል እንጂ ማንም አቅዶት አይደለም።

የእህቴ ልጅ ከአባትና ከእናቷ ስም የተቀጣጠለ ስም አላት። እናታችን አፏ አልያዝላት ሲል «ማሚቱ» ማለት ጀመረች፤ ጎረቤት ተከተላት፣ ሠራተኛዋ ተከተለች፣ በመጨረሻ አባትየውም ተሸነፈ። የተለፋበት ስም አሁን ያለው የክትባት ካርዱ ላይ ነው። አያቶችን ቀድማችሁ አስጠሯቸው የምለው ለዚህ ነው።

ጊዜ አላችሁ፣ አትቸኩሉ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ስሙን ቤት ውስጥ እየጠራችሁ ሞክሩት፤ ወደ ወረዳ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ይሁን። ሴት ከሆነች ግን የሚተርፋችሁ ዐሥር ቀን ብቻ ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቅኸኝ፣ ከሁለት ስም ቁራጭ ከመልቀም የባለቤትህን ስም ብታዩት ይሻላል፤ ወንድ ከሆነ «ሰናይ ቢንያም» ማለት ብቻ በቂ ነው። የእናቱም የአባቱም ስም ገባ፣ ለአያትም አይከብድም። ሴት ከሆነች የሁለቱን አያቶች ስም ጻፍልኝና አብረን እናያለን። «ቢሰና»ን ከወደዳችኋት ደግሞ የቤት ስም አድርጓት፤ ከትምህርት ቤት መዝገብ ግን አርቁልኝ።