ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ሆትስፖት፦ አብሮ መጫወት የሚጣፍጠው መቼ ነው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ጅማ ነው ያለሁት። ከጓደኛዬ ጋር የሳይንስ ልብወለድ የተኩስ ጌም አብረን ጀመርን፤ ሳምንት ሳይሞላን ሰለቸን። እሱ ወደፊት ይሮጣል፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ኔቱም ይቆራረጣል። ሌላው ሰው ምን አግኝቶበት ነው እንዲህ የሚወደው?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ጅማ ኮቺ አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ያልከው ሁሉ ደርሶብኛል፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል።

የነገርከንን ሳየው እናንተ ገና አብራችሁ አልተጫወታችሁም። አንድ ካርታ ላይ ሆናችሁ ሁለት የብቻ ጌም ነው የተጫወታችሁት። አንዱ ቢወጣ ሌላው ምንም ሳይጎድልበት የሚቀጥል ከሆነ ይሰለቻል፤ ምንም ያህል ግራፊክሱ ቢያምር። እኛም እስክንነቃ ድረስ እንደዚያው ነበርን።

እኔና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የጀመርነው በቦርደርላንድስ 2 ነው። ጊርቦክስ የሠራው የ2012 ጌም ነው፤ ፓንዶራ በምትባል ፕላኔት ላይ እስከ 4 ሰው ሆኖ ይዋጋል። አሮጌ ስለሆነ የኛን ላፕቶፖች አላስጨነቀም፤ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ቅናሽ ሲኖርም ዋጋው በጣም ይወርዳል። የመረጥነው ግን በላን፣ ማለትም ያለ ኢንተርኔት ማሽኖቹን እርስ በርስ በማገናኘት፣ ስለሚሠራ ነው። አንዴ ዳውንሎድ ካደረግከው በኋላ ኔት ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለህም። የአንዳችሁን ስልክ ሆትስፖት ክፈቱ፣ ዳታውን አጥፉት፣ ሁለቱንም ላፕቶፕ እሱ ላይ አገናኙ፤ አንድ ብር ፓኬጅ አይበላም። ሁለታችሁም የየራሳችሁ ኮፒ ይኑራችሁ፣ ቨርዥኑም አንድ ይሁን። ከዚያ ጌሙ ውስጥ ገብታችሁ የኔትወርክ ምርጫውን ላን ላይ አድርጉት።

እዚህ ጋ እኛን ሙሉ ምሽት የበላን ነገር አለ። ሁለቱ ላፕቶፖች አይተያዩም። ሆትስፖቱን አጠፋን፣ አበራን፣ ላፕቶፑን ሪስታርት አደረግን፤ ምንም የለም። ለካ ዊንዶውስ አዲሱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ብሎ ይዞት ፋየርዎሉ ጌሙን እየዘጋብን ነው። «ፕራይቬት» አድርገው፣ ፋየርዎሉ ላይ ደግሞ ለጌሙ ፍቀድለት፤ ያልቅልሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐምሌ ላይ ነው። ጅማ በሐምሌ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃለህ፤ ቆርቆሮው ሲደበደብ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማህም። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ሁለቱም ላፕቶፖች በባትሪ ናቸው፤ የኔው 34 በመቶ ላይ ነበር። አከራያችን እትዬ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዘው ቡና እየቆሉ ነው፣ ጭሱ በበሩ ስር ይገባል። ካፒቴን ፍሊንት ጋ ደረስን። በረዶ ውስጥ በቀረ መርከብ ላይ የሚጠብቅህ፣ እሳት የሚለቅ ቦስ፣ ማለትም ከተራው ጠላት የሚከብድ አለቃ ነው። ብቻዬን ስጫወት አራቴ ገድሎኝ ጌሙን ለወራት ያስተወኝ እሱ ነው።

እሳቱ ውስጥ ገባሁና ወደቅሁ። እዚህ ጌም ውስጥ ስትወድቅ ወዲያው አትሞትም። ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ እየጎደለ የሚሄድ መስመር ይመጣል፣ መሬት ለመሬት ቀስ እያልክ መሳብና መተኮስ ትችላለህ። መስመሩ ሳያልቅ አንድ ጠላት ከገደልክ ራስህ ትነሳለህ፤ ካልሆነ ጓደኛህ አጠገብህ ደርሶ አንዷን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይዞ ያነሳሃል። ጓደኛዬ ከዝናቡ በላይ «ኮቱ! ኮቱ!» (በኦሮምኛ «ና! ና!») እያለ ይጮሃል። እኔ ወደ እሱ እየተሳብኩ ነው፣ መስመሩ የጥፍር ያህል ቀርቶታል። ጓደኛዬ ቦሱን ትቶ፣ ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ ሮጠና ደረሰልኝ። እኔ ተነሳሁ፣ እሱ ወደቀ። ወዲያው ተራው የኔ ሆነ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ተነሳሳን። ፍሊንት ሲወድቅ ሁለታችንም ቆመን ነበር፤ ከወንበር ማለቴ ነው። እትዬ ምን ሆናችሁ ብለው በሩን ከፈቱ።

ከዚያ ምሽት በኋላ አጨዋወታችን በሙሉ ተቀየረ። ለምሳሌ ደካማ ጠላት ስናይ አንጨርሰውም፤ አንዱን እናስቀረዋለን። ለምን? አንዳችን ስንወድቅ እሱን ገድለን እንድንነሳ። ብቻህን ስትሮጥ ያገኘኸውን ሁሉ ትገድላለህ፤ ለጓደኛህ ስታስብ ግን የምትተወውንም ትመርጣለህ።

ገጸ ባሕሪህንም በዚሁ ዓይን ምረጥ። እኔ ማያን ነው የያዝኩት። ማያ ጠላትን አየር ላይ አንጠልጥላ የምታስር ኃይል አላት፣ ፌዝሎክ ይባላል። ከስኪሎቿ መካከል «ሬስ» የሚባል አንድ አለ፤ እሱን ከወሰድክ ፌዝሎኩን የወደቀ ጓደኛህ ላይ ብትለቀው ካለህበት ሆነህ በአንዴ ታነሳዋለህ። ይህ ስኪል ብቻህን ስትጫወት ዋጋ የለውም፤ ነጥብህን ጣልክ ማለት ነው። ጓደኛዬ ደግሞ በሁለት እጁ ሁለት መሣሪያ የሚተኩሰውን ሳልቫዶርን ይዞ ያለ ፍርሃት መሃል ይገባል፣ ምክንያቱም ከሩቅ እንደማየው ያውቃል። ሃይፔሪዮን የሚባለው የጠላት ኩባንያ ሮቦቶች ከበውት ሲወድቅ ከጣሪያ ላይ ሆኜ ሳነሳው ያለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የምልህ ይህንን ነው፦ ያለ ጓደኛህ ከንቱ የሚሆን ነገር ምረጥ። ያኔ እሱ መሮጡን ይተዋል፤ ከራቀ የሚያነሳው እንደሌለ ያውቀዋላ።

ሁለት ነገር ግን ጓደኝነትን ያበላሻል። አንደኛው ዕቃ ነው። ቦርደርላንድስ 2 ላይ መሬት የወደቀ መሣሪያ የቀደመ ሰው ነው የሚወስደው። የመሣሪያው ቀለም የብርቅነቱን ደረጃ ያሳያል። አንድ ጊዜ ብርቱካናማ፣ ማለትም በጣም ብርቅ የሆነው፣ ወደቀ፤ ጓደኛዬ ሳይጠይቀኝ አነሳው። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሁለት ቀን ቆየ። መናገር ነበረብኝ። አሁን ደንብ አለን፦ ሰማያዊና ከዚያ በላይ ሲወድቅ ማንም አያነሳም፤ ለማን ገጸ ባሕሪ ይሻላል ብለን ተነጋግረን ነው። በ2019 የወጣው ቦርደርላንድስ 3 ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ዕቃ የሚሰጥ ምርጫ ጨምሯል፤ ማሽናችሁ የሚችለው ከሆነ ይህ ጭቅጭቅ ከሥሩ ይቀራል።

ሁለተኛው ሌቨል ነው። አንዳችሁ ማታ ማታ ብቻውን ሲጫወት ሌቨሉ ቀድሞ ይሄዳል። ሌላው ሲመለስ ጥይቱ ጠላቱን አይነካውም፣ ጠላቱ ግን በአንድ ምት ይጥለዋል። የእናንተም ነገር ይህን ይመስለኛል። ለሁለታችሁ ብቻ የሆነ ገጸ ባሕሪ ክፈቱ፤ አንዱ ሳይኖር ሌላው አይንካው። ብቻህን መጫወት ስትፈልግ ሌላ ገጸ ባሕሪ አለህ።

ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ መጫወት ይቻላል ወይ ላልከው፣ ይቻላል። የ2015ቱ ሃንድሰም ኮሌክሽን ፒኤስ 4 ላይ ስክሪን ከፍሎ ያጫውታል፤ ቦርደርላንድስ 2 በውስጡ አለ። ችግሩ አብዛኛው ቤት ያለው ኳስ ነው፣ በሰዓት እየከፈልክ ደግሞ ታሪክ ያለው ጌም አይመችም። ጽሑፉም ግማሽ ስክሪን ላይ በጣም ይደቅቃል።

ኔቱ ደህና በሆነ ቀን ደግሞ ዲፕ ሮክ ጋላክቲክን ሞክሩ። ጎስት ሺፕ የሚባል የዴንማርክ ስቱዲዮ የሠራው፣ ሙሉው በ2020 የወጣ ነው። አራት ዓይነት ማዕድን ቆፋሪ ድንኮች አሉ፤ እያንዳንዱ ሌላው የማይችለውን ይችላል። ስካውቱ በመንጠቆ ገደል ይወጣል፣ ግን የሚቆምበት የለውም። ኢንጂነሩ ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ መቆሚያ ይተኩሳል፣ ግን ራሱ አይደርስበትም። አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ይወጣል፣ ማዕድኑ ይወርዳል። አንዲት ቃል ሳትለዋወጡ! አዲስ አበባ ካለው የአጎቴ ልጅ ጋር ማይኩ እምቢ ባለን ቀን ሙሉ ተልዕኮ እንዲህ ጨርሰናል። የምትፈልገውን ነገር በሌዘር ስትጠቁመው ሌላው ያየዋል፣ ገጸ ባሕሪውም ራሱ ይናገርልሃል። ስትጨርሱ የምትወጡባት መርከብ ትመጣለች፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ ከገባ ተልዕኮው ተሳካ። ያን ቀን በሩ ጋ ስደርስ የአጎቴ ልጅ ኋላ ወድቆ ነበር። ልመለስ ስል ሌዘሩን ደጋግሞ መርከቧ ላይ አደረገው፤ ግባ ማለቱ ነው። ገባሁ። ስልክ ደውዬ አመሰገንኩት።

ለዚህኛው አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። ጌሙ የሚሄደው በአንዱ ተጫዋች ማሽን ላይ ነው፤ ሆስቱ ከወጣ ሁሉም ይወጣል። እዚህ ከተማ መብራት ሲሄድ ላፕቶፕህ በባትሪ ይቀጥላል፣ የዋይፋይ ሳጥኑ ግን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ በስልክ ዳታ የገባው ወይም ሌላ ከተማ ያለው ሰው ሆስት ይሁን።

ሄልዳይቨርስ 2ን ብዙ ሰው ይመክርሃል። ድንቅ ጌም ነው፣ ያንተ ጥይት ጓደኛህንም ስለሚገድል ተጠንቅቀህ እንድትቆም ያስገድድሃል። ግን ጠንካራ ማሽንና ጥሩ ኔት ይፈልጋል፤ የማይኖርህ ከሆነ አትቆጭበት።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው የምንቀመጠው። ማንም ሳይደውል ሁለታችንም እንገኛለን፤ ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ ከምንም በላይ ጠቅሞናል። ቦርደርላንድስ ላይ ሁለት ቦታ አለን፣ እናንተም ሁለት ናችሁ። ላፕቶፑን ቀን ላይ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፤ ኤክስቴንሽንም ያዙ፣ ቤቱ ያለው አንድ ሶኬት ነው።