ጥያቄና መልስ፦ ግርግር በሌለበት የጃፓን ተራራ ላይ ስኪ

በዚህ ዙር የተመረጠው በሰሜን ጃፓን፣ በያማጋታ ግዛት የሚገኘው ዛኦ ኦንሰን ነው። ስኪውም ፍል ውሃውም አንድ መንደር ውስጥ ነው። ዋጋ በየዓመቱ ስለሚጨምር የተጻፈውን እንደ ግምት ያዙት። ቀኑ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ነው።

ጥ፦ የሰማሁት ሁሉ ስለ ታዋቂዎቹ የጃፓን የስኪ ቦታዎች፣ ስለ ኒሴኮና ስለ ሀኩባ ነው። እነሱን ትቼ ዛኦ የምሄደው ለምንድን ነው?

መ፦ ኒሴኮ መጥፎ ሆኖ አይደለም። በረዶው የታወቀ ነው፤ አስተማሪውም አስተናጋጁም እንግሊዝኛ ይችላል። ነገር ግን የሊፍት (ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣው ወንበር) የቀን ትኬቱ ከ10,000 የን አልፏል፤ ሌሊት በረዶ ሲጥል ባደረ ቀን ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወረፋው ይጠብቅሃል። እንደ ዛኦ ባሉ ተራሮች ትኬቱ ብዙውን ጊዜ ከ6,000 እስከ 8,000 የን ነው፤ በሥራ ቀን ከሄድክ አንዱን ቁልቁለት ለብቻህ የምትወርድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጸጥታው ግን በነጻ አይገኝም። ብዙዎቹ ሊፍቶች ያረጁና ቀርፋፋ ናቸው፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር እንደልብ አይገኝም፣ ምግብ ቤቱም በጊዜ ይዘጋል። ኒሴኮ ደርሰህ የምታስተካክለውን ነገር ዛኦ ስትሄድ ከቤትህ ሳትወጣ መጨረስ አለብህ።

ጥ፦ የትኛው ወር ይሻላል?

መ፦ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ 20 አካባቢ። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ደረቅ ቅዝቃዜ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይሸከማል፣ ተራራው ሲያግደው በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። ዛኦ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ገና ያልረጋው የደመና ጠብታ ጥዱን ሲነካ እዚያው ይረጋል፤ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ እየተደራረበ ዛፉን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ጃፓኖች ጁህዮ የሚሉት ይህ ነው፤ በደንብ የሚያብጠው ፌብሩዋሪ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ከ2013 ወዲህ በመጀመሪያ የእሳት ራት ትል፣ ቀጥሎ ቅርፊት የሚበላ ጥንዚዛ ጥዶቹን ስለጎዳቸው በገመድ መኪናው የላይኛው ጣቢያ ዙሪያ ብዙ ዛፍ ደርቋል። በድሮ ፎቶ የምታዩት ዓይነት ጫካ አናቱ ላይ አትጠብቁ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ይሻላል።

የማይሄድባቸው ቀኖች፦ ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3፤ የጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ የሚያርፍበት የሦስት ቀን ዕረፍት፤ ፌብሩዋሪ 11 እና 23 (ሁለቱም የሕዝብ በዓል ናቸው)፤ የቻይና አዲስ ዓመት ሳምንት፣ እሱም በ2027 ፌብሩዋሪ 6 ይገባል። ከእነዚህ ውጭ ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ጭር ያለ ነው።

ጥ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምነሳው። ቪዛውና መንገዱ እንዴት ነው?

መ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ ያስተናግዳል። በዱባይ ወይም በሪያድ የምትኖሩ በመኖሪያ ፈቃዳችሁ እዚያው ማመልከት ትችላላችሁ። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአብዛኛው የአውሮፓ አገር ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ያደርሳል። ከናሪታ ቶኪዮ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ትሱባሳ የሚባለው የያማጋታ ሺንካንሰን (እጅግ ፈጣን ባቡር) ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል፤ ዋጋው ከ11,000 እስከ 12,000 የን ነው። ወንበሩ በሙሉ አስቀድሞ የሚያዝ ነው። እዚህ ጋ ሰው ይሳሳታል፦ ትሱባሳ ከሌላ ባቡር ጋር ተቀጥሎ ከቶኪዮ ይነሳና ፉኩሺማ ላይ ይለያያሉ። ወንበር ባዶ ነው ብሎ በሌላው ባቡር የተሳፈረ ሰው ሴንዳይ ይገባል። ትኬቱ ላይ ያለውን የፉርጎ ቁጥር አትልቀቁ።

ከያማጋታ ጣቢያ ምሥራቅ መውጫ አውቶቡስ ይነሳል፤ 40 ደቂቃ ያህል ነው። አመሻሽ ላይ ስለሚያቆም ከቶኪዮ ቢዘገይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተነሱ። አውሮፕላኑ ማታ የሚገባ ከሆነ ቶኪዮ አድራችሁ ጠዋት መሄድ ነው እንጂ በዚያው ሌሊት ለመድረስ መሞከር ትርፉ የታክሲ ዕዳ ነው።

ጥ፦ የስኪ ቦርሳ ይዞ በሺንካንሰን መግባት አይከብድም?

መ፦ አትያዘው፣ ላከው። ታክዩቢን የሚባል ዕቃ የማድረስ አገልግሎት አለ፤ ጥቁር ድመት ምልክቱ የሆነው ያማቶ በአየር ማረፊያው ውስጥ መስኮት አለው። የማደሪያህን ስምና አድራሻ በጃፓንኛ አትመህ ያዝ፣ ማደሪያው የተያዘበትን ስምና የመግቢያ ቀን ጻፍ፣ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሌሊት የሚሆን ልብስ፣ ጓንትና መነጽር በእጅ ቦርሳ ይሁን። ስትመለስ ከበረራው ሁለት ቀን ቀድመህ ለማደሪያው አስረክብ፤ በመጨረሻው ጠዋት «ዛሬ ላኩልኝ» ቢባል አይሆንም።

ጥ፦ ማደሪያ ስፈልግ ለሁለታችን ያየሁት ዋጋ ስከፍል እጥፍ ሆነ። ተጭበርብሬ ይሆን?

መ፦ አይ፣ እህቴ። ባህላዊዎቹ ማደሪያዎች ዋጋ የሚያስቀምጡት በክፍል ሳይሆን በሰው ነው። ከእራትና ከቁርስ ጋር በሰው ከ12,000 እስከ 20,000 የን መደበኛ ነው፤ በላዩ ላይ አነስተኛ የፍል ውሃ ግብር ይጨመራል። ከምግብ ጋር ያለውን ያዢ። እራቱ በ12 ሰዓት ወይም በ12 ተኩል ይቀርባል፤ ያረፈደውን አይጠብቁም፤ መንደሩ ውስጥ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚበላ ማግኘት ከባድ ነው። ጥሬ ገንዘብም ያዢ። የውጭ ካርድ የሚቀበለውን የሰቨን ኢለቨን ኤቲኤም ያማጋታ ከተማ ሳለሽ ተጠቀሚበት።

ጥ፦ ጾም ላይ ብንሆንስ? ባለቤቴ ደግሞ ሙስሊም ናት።

መ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ፤ ብዙ ሰው የሚያስበው ከደረሰ በኋላ ነው። በ2027 ዐቢይ ጾም የሚገባው ማርች 8 ስለሆነ ለኦርቶዶክስ ጿሚ ፌብሩዋሪ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ክፍት ነው፣ ነነዌ ብቻ በመጨረሻው ሳምንት ትውላለች፤ ረመዳን ግን ፌብሩዋሪ 8 አካባቢ ይገባል። ጃንዋሪ መጀመሪያ የሚሄድ ግን እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ላይ ነው።

ችግሩ አትክልት የሚመስለው ምግብ ውስጥ ነው ያለው። የጃፓን ሾርባና ወጥ መሠረቱ ዳሺ ነው፤ ዳሺ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ይፈላል። ዓሣ ለማይበላ ጿሚ ቶፉውም ጎመኑም የተቀቀለው በዚያ ነው። ለሙስሊም ደግሞ ሚሪን የሚባለው የማጣፈጫ የሩዝ መጠጥ አልኮል አለው፤ ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባም አብዛኛው የአሳማ አጥንት ወይም ስብ ይገባበታል። ቦታ ስትይዝ ከሳምንታት በፊት «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዳሺ፣ አልኮል አይሁን» ብለህ ዘርዝረህ በጽሑፍ ጠይቅ። «ቬጂቴሪያን ነን» ማለት ብቻ ዳሺውን አያስቀርም። አንችልም ካሉህ ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ይዘህ ራስህ ማብሰል ነው። ሥጋ ያለበት ምግብ አገሩ እንዳይገባ ይከለከላል፤ ቋንጣህን ቤት ተው።

ጥ፦ በሕይወቴ ስኪ ረግጬ አላውቅም። ዛኦ ለጀማሪ ይሆናል?

መ፦ ይሆናል፤ ኡዋኖዳይ የሚባለው ክፍል ለጥ ያለ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ግን ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከሁለት ወር በፊት ያዝ፣ ለመጀመሪያው ቀን ሙሉ ትምህርት ውሰድ።

ጀማሪን የሚያሰቃየው ቁልቁለቱ ሳይሆን ቦት ጫማው ነው። ቁጥሩ በሴንቲሜትር የእግር ርዝመት ነው፦ 26.5 ማለት 26.5 ሴንቲሜትር። አንድ ስስ ረጅም ካልሲ ብቻ አድርግ፤ ሁለት መደረብ ደም ያግዳል፣ እግርን የሚያቀዘቅዘውም እሱ ነው። ተረከዝህን ወደ ኋላ መትተህ አስገባ፣ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚት ጀምረህ ቆልፍ። ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣትህ ጫፉን ይንካ፤ ጉልበትህን ወደፊት ስታጥፍ ይለቅ። ተረከዝህ ከተነሳ ሰፍቶሃል፣ ሳታፍር አስቀይር። የሱሪህ ጫፍ ቦቱ ውስጥ አይግባ፤ እጥፋቱ ቅልጥምህን ይልጠዋል። ከ30 ሴንቲሜትር በላይ እግር ያለው ሰው ቀድሞ ይጻፍላቸው፣ ጥቂት ጥንድ ነው ያላቸው።

አከራዩ ክብደትህን፣ ቁመትህን፣ ዕድሜህንና ችሎታህን ይጠይቃል። አትዋሽ። ቦቱን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማያያዣ ስትወድቅ የሚፈታበት ኃይል የሚሰላው በዚህ ነው፦ ከጠበቀ አይፈታም፣ ጉልበትህ ይጠመዘዛል፤ ከላላ በየመታጠፊያው ይከዳሃል። የስኪው ርዝመት ለጀማሪ ከአገጭ እስከ አፍንጫ ይበቃል።

ጥ፦ እኔ ከኮሎራዶ ነኝ፣ ጥቁር መስመር (ከባዱን ቁልቁለት) እወርዳለሁ። የሚፈትነኝ ነገር አለ?

መ፦ ዮኮኩራ የሚባለው ግድግዳ 38 ዲግሪ ይደርሳል፤ አጭር ነው እንጂ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ውጭ ዛኦ ሰፊና ረጅም ነው፦ 1,661 ሜትር ላይ ካለው ጂዞ ጣቢያ ተነስተህ እስከ መንደሩ ስትወርድ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ትጥላለህ። ፍላጎትህ ዛፍ መሃል ባለ ያልተረገጠ በረዶ ከሆነ ግን ማዳራኦ የሚባለው ሌላ የስኪ ቦታ ይሻልሃል፤ የናጋኖው ኢያማ ጣቢያ ቅርቡ ነው።

የኪራይ ስኪ በአብዛኛው መሃሉ ከ70 እስከ 80 ሚሊሜትር ነው፣ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ይሰምጣል። ከ95 እስከ 110 ያለውን ለይተህ አስይዝ። የክልሉን ወሰን የሚያሳየውን ገመድ ተሻግረህ አትሂድ፤ ትኬትህን ይነጥቁሃል፣ ፍለጋ ከተወጣም ወጪው የአንተ ነው። ኢንሹራንስህ ከመስመር ውጭ መውረድንና የተራራ ነፍስ አድንን በስም መጥቀሱን አረጋግጥ። ሌላው አደጋ የዛፍ ጉድጓድ ነው፦ ቅርንጫፉ በረዶውን ስለሚከለክል ከግንዱ ሥር ለስላሳ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ በጭንቅላቱ የገባ ሰው ብቻውን አይወጣም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይታፈናል። ከጓደኛህ ጋር እየተያያችሁ ውረዱ፣ የዱላውን ማንጠልጠያ ከእጅህ አውጣ።

ጥ፦ ነፋስ ሲነሳ የገመድ መኪናው ይቆማል የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ የላይኛው ክፍል ደጋግሞ ይቆማል። ለሦስት ቀን ስኪ አራት ሌሊት ያዙ፣ ሰማዩ የጠራበትን ቀን ለአናቱ ስጡ። ላይ ሆናችሁ ጉም ከወረደ ሁሉም ዛፍ አንድ ይመስላል፤ የመስመር ምልክት እንጨቶቹን እየተከተሉ መውረድ ነው። ለዚህ ብርሃን ጥቁር መነጽር አይረዳም፤ ሮዝ ወይም ቢጫ ሌንስ ጉብታውን ያሳያል።

ጥ፦ ፍል ውሃው ውስጥ ልብስ ማውለቅ ግዴታ ነው? እናቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት።

መ፦ ግዴታ ነው፣ ወንድና ሴት ግን ለየብቻ ነው። ዝቅ ባለችው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ በሳሙና ታጥቦ፣ ሳሙናውን አጥርቶ ነው የሚገባው፤ ፎጣ ውሃው ውስጥ አይገባም፣ ፀጉር ከፍ ብሎ ይታሰራል። ንቅሳት አንዳንድ ቦታ ይከለከላል፤ የእናታችን መስቀል መሆኑን ማስረዳት ደንቡን አይለውጠው ይሆናል። ሆቴሉን ቀድመሽ ጠይቂ፣ ካልሆነም በሰዓት የሚከራይ የግል መታጠቢያ ያለውን ማደሪያ ያዢላቸው።

የዛኦ ውሃ ድኝ ያለበት ኃይለኛ አሲድ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ በተላጨ ቆዳ ላይ ይለበልባል፣ ብርን ያጠቁራል። የብር መስቀልና ቀለበት ክፍል ውስጥ ይቅር። አሥር ደቂቃ ገብቶ መውጣት ይበቃል። ትልቁ የሜዳ ላይ መታጠቢያ በበረዶው ወቅት ዝግ ነው፤ ሦስቱ የመንደር መታጠቢያዎች ግን ይሠራሉ።

ጥ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። መኪና ብከራይስ?

መ፦ ጃፓን የምትቀበለው በ1949 የጄኔቫ ስምምነት የተሰጠን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ነው፤ የጀርመኑ ከዚያ ስለማይመደብ የጀርመን መንጃ ፈቃድህን የጃፓንኛ ትርጉም ታሠራለህ። በግራ ነው የሚነዳው፣ የበረዶ ጎማ ያስፈልጋል። ለዛኦ ብቻ ከሆነ አውቶቡሱ ይበልጣል።

ጥ፦ መድኃኒት መያዝ ላይ ክልከላ አለ?

መ፦ አለ፣ ጠበቅ ያለ ነው። አምፌታሚን ያለበት እንደ አደራል ያለ መድኃኒት በሐኪም ማዘዣም አይገባም። ከ10 በመቶ በላይ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው የጉንፋን ክኒኖችም እንዲሁ። የታዘዘላችሁ ከአንድ ወር የሚበልጥ ከሆነ ቀድማችሁ የማስገቢያ ማረጋገጫ አውጡ።

ጥ፦ በአጭሩ ለአንድ ሰው ስንት ይበቃል?

መ፦ ከቶኪዮ ተነስቶ ለአራት ሌሊትና ለሦስት ቀን ስኪ፦ ባቡር ደርሶ መልስ 24,000፣ አውቶቡስ 2,500፣ ማደሪያ ከእራትና ቁርስ ጋር 60,000፣ ሊፍት 21,000፣ የስኪና የቦት ኪራይ 18,000፣ የልብስ ኪራይ 12,000፣ ምሳ 4,500። ድምሩ 142,000 የን ነው። ጓንትና ካልሲ ብዙ ጊዜ አይከራይም፣ ጓንት ሁለት ጥንድ ግዙ፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ማድረቂያ ክፍል ውስጥ ይውላል።

ጥ፦ ስኪ የማትወድ አክስቴ አብራ ብትመጣስ?

መ፦ ሁለቱ ተከታታይ የገመድ መኪናዎች ለተመልካችም ክፍት ናቸው፤ የደርሶ መልስ ትኬት ለብቻው ይሸጣል። ከመጀመሪያው ጣቢያ፣ 1,331 ሜትር ላይ፣ ወርደው ሌላውን ይይዛሉ። ጥሩ የክረምት ቦት ከለበሱ ዛፎቹን ከጣቢያው ደጃፍ ማየት ይችላሉ፤ በሁለተኛው ገመድ ከመሳፈራቸው በፊት ግን ላይ ያለውን የነፋስ ማስታወቂያ ይዩ፤ ወጥተው ምንም ሳያዩ የሚመለሱበት ቀን አለ።